የያዘ ፍሬን፦ ካሊፐሩን ማስጠገን ወይስ መቀየር?

እግራችሁን ከፍሬን ላይ ካነሳችሁ በኋላም አንዱ ጎማ ይዞ ሲቀር ያስታውቃል። መኪናው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ትንሽ እንደተነዳም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ጋራዥ ስትገቡ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ካሊፐሩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ቆንጥጦ የሚይዘው ክፍል፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር? እኔ የምለው፣ ምኑ እንደያዘ ሳይታወቅ ለሁለቱም ገንዘብ አታውጡ። ብዙ ጊዜ ካሊፐሩ በሙሉ ተፈርዶበት ይጣልና ጥፋቱ የአንድ ፒን ወይም የአንድ ቱቦ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ምኑ እንደያዘ ይለይ

መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ከሥሩ ጠንካራ ማቆሚያ ይግባለት። የያዘው ጎማ በእጅ አልዞርም ባለበት ሰዓት፣ የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ይላላ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ወዲያው ከተፈታ፣ ግፊቱ መመለሻ አጥቶ ታምቆ ነበር ማለት ነው። ያኔ የሚጠረጠረው ከካሊፐሩ ጋር የሚገናኘው የፍሬን ዘይት የላስቲክ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ በኃይል ያልፋል፣ ሲለቀቅ ግን የሚመልሰው ኃይል የለም። እንዲህ ከሆነ ካሊፐር መቀየር ገንዘብ መበተን ነው፤ አዲሱም ይይዛል። ከአንድ በላይ ጎማ አብሮ ከያዘ ደግሞ ወደ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ሂዱ።

ብሎኑ ላልቶም ጎማው ካልተፈታ፣ ጥፋቱ እዚያው ካሊፐሩ ዘንድ ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው ካሊፐር በሁለት ፒኖች ላይ የሚንሸራተት ነው። ጤነኛ ፒን በእጅ ሲገፋ ይገባል፣ ሲሳብ ይወጣል። ዝገት የበላው ወይም ግሪሱ የደረቀው ግን ንቅንቅ አይልም። የፍሬን ሸራዎቹንም አውጥታችሁ እዩ። አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ሰያፍ ሆኖ ካለቀ፣ ወይም አንዱ ተጨርሶ ሌላው ወፍራም ከሆነ፣ መጀመሪያ ፒኖቹን ጠርጥሩ።

ጥፋቱ የፒን ከሆነ ንጽጽሩ እዚህ ያልቃል። ፒኑ ይጸዳል፣ የተቀደደ ላስቲክ ይቀየራል፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባል፣ ሸራው የሚቀመጥበት ቦታም ከዝገት ይፋቃል። ተራ ግሪስ ግን እንዳይነካው፤ ላስቲኩን ያሳብጠውና ፒኑ መልሶ ይይዛል።

ፒስተኑ ሲይዝ

እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚከብደው። በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ከበው የሚይዙት ሁለት ላስቲኮች ናቸው። የውጪው አቧራና ውሃ ይከለክላል። የውስጡ ጎሚኒ ዘይት ከመያዝ ሌላ ሥራ አለው፦ ፍሬን ሲረገጥ ከፒስተኑ ጋር ትንሽ ይጠመማል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። ጎሚኒው ሲደርቅ ወይም የተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ዝገት ሲከማች ይህ መመለስ ይቀራል።

ጥገና ማለት እንግዲህ ፒስተኑን አውጥቶ፣ ቦዩን አጽድቶ፣ ሁለቱንም ላስቲክ መቀየር ነው። ዕቃው ከሙሉ ካሊፐር በጣም ይረክሳል፤ ውድ የሆነው ጊዜውና ጥንቃቄው ነው። ቁርጡን የሚናገረው ራሱ ፒስተኑ ነው። ጠርጋችሁ ጥፍራችሁን በጎኑ ላይ አሂዱበት። ልስልስ ካለ ጥገናው ያዋጣል። ጎሚኒው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍራችሁን የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን በዚያ ፒስተን ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው፤ ወይ ይፈሳል ወይ መልሶ ይይዛል። አንዳንዶች በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ይመልሱታል። ይህን አትፍቀዱ። ዝገት የሚከላከለው ሽፋን አብሮ ይነሳል። በቤንዚን ወይም በሞተር ዘይት ማጠብም ክልክል ነው፤ ጎሚኒው ሲገባ መቀባት ያለበት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው።

መቀየሩ ሥራውን ያፈጥናል፣ የሠራተኛ ስህተትም ይቀንሳል። ገበያ ላይ አዲስ አለ፣ ፋብሪካ ያደሰው አለ። የታደሰ ከሆነ ፒስተኑን እዩ፣ የአየር ማስወጫው ብሎን መፈታቱን ሞክሩ፣ ብሎን የሚገባበትን ጥርስ ተመልከቱ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ርካሽ አዲስ ካሊፐር እና በደንብ የተጠገነ የራሱ ኦሪጅናል ቢቀርቡልኝ፣ ያለ ማመንታት ኦሪጅናሉን እወስዳለሁ። አካሉ ከመኪናው ጋር ልክ ሆኖ የተሠራ ነውና።

የእጅ ፍሬን አብሮት የተሠራበት የኋላ ካሊፐር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ጥርስ አለው። ብዙዎቹ ላይ ፒስተኑ የሚመለሰው እየተሽከረከረ እንጂ በመግፋት ብቻ አይደለም፤ በጉልበት ከተገፋ ይሰበራል። የዚህ ዓይነቱ ፒስተን ከያዘ እኔ መቀየሩን እመርጣለሁ። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት።

የትኛውንም ብትመርጡ

ሸራ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ አንድ ላይ ይቀየራል። ካሊፐር ግን የግድ በጥንድ ይገዛ የሚባል ነገር የለም፤ ሆኖም አንደኛውን ዝገት ከጨረሰው ሌላኛውም ይፈተሽ። በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ወይም የተሰነጠቀ ዲስክ አይመለስም።

ዘይቱን ቸል አትበሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፈልያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የያዘ ፍሬን ዘይቱን ክፉኛ ያሞቀዋልና፣ አየሩ ሲወጣ አሮጌው ዘይትም አብሮ ይውጣ።

ሥራው ሲያልቅ የአየር ማስወጫው ብሎን ከላይ በኩል መሆኑን አረጋግጡ። ከታች ከሆነ የግራና የቀኝ ካሊፐር ተቀያይሯል፣ አየሩም በፍጹም አይወጣም። ከዚያ ጥቂት ንዱና የሁለቱን ጎን ጎማዎች ሙቀት አወዳድሩ። ዲስኩን ሳትነኩ እጃችሁን ቸርኬው አጠገብ ማድረስ ይበቃል። አንደኛው ጎን አሁንም ለይቶ የሚግል ከሆነ መኪናውን አትረከቡ።