«ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ከተባላችሁ ብር እንዳትከፍሉ (ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለመኪኖች)

ወገኖች፣ በተለይ ኮሮላና ቪትዝ የምትነዱ፣ ይቺን ሳታነቡ ጋራዥ እንዳትገቡ። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ በማሽን ስታስመረምሩ ፒ0133 የሚል ኮድ ከወጣ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ እንቀይረው» የምትባል ጨዋታ አለች። ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገር ዕቃ ነው። የአጎቴ ልጅ መኪና ላይ ደሴ ውስጥ የተሠራውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ኮዱ ሞተ አይልም። ሴንሰሩ መልስ ለመስጠት ዘገየ ነው የሚለው፤ ለምን እንደዘገየ ደግሞ አይናገርም። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የማርሚታ ቱቦ ወይም የማኒፎልዱ (የሞተሩን ጭስ የሚቀበለው ብረት) ጋስኬት ትንሽ ከተነፈሰ የውጭ አየር እየገባ ያሳስተዋል። የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም የጎማ ቱቦ፣ ዘይት የሚበላ ሞተርም ጣጣ አላቸው። እነዚህ ሳይታዩ አዲስ ሴንሰር ቢገዛ ያው ኮድ ዞሮ ይመጣል።

ለአጎቴ ልጅ የተሰጠው ምክንያት ግን «ጋሼ፣ የደሴ ከፍታ ነው የገደለው፤ አብሽር ይሠራል» የሚል ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እውነት ነው። መኪናው ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከፍታ ሴንሰር የሚገድል ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ሴንሰር ያለው መኪና ባልተገኘ።

«ኦርጅናል የጃፓን» ተብሎ ከአዲስ ካርቶን የወጣውን ዕቃ በኋላ አስፈትተን አየነው። አካሉ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ያብለጨልጫል። ተጠምዝዞ የሚገባበት ጥርሱ ውስጥ ግን ጥላሸት ተጋግሯል፣ መፍቻ የሚይዘው ማዕዘን ጠርዙ ተበልቷል፣ ገመዱም መሀል ላይ በናስትሮ ተጠቅልሏል። አዲስ ዕቃ ላይ የመፍቻ ጠባሳ ምን ይሠራል?

ታዲያ መብራቱ እንዴት ጠፋ? ኮዱን በማሽን ሰርዘውት ነዋ! የመኪናው ኮምፒውተር ምርመራውን ከዜሮ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱን በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ካላየ መብራቱን መልሶ አያበራም። እስከዚያ ብሩ ኪስ ገብቷል። «ኮምቦልቻ ድረስ ወርደን ሞክረነዋል» ሲሏችሁም አትመኑ። ቁልቁለቱ ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቆርጣል፣ ሴንሰሩም ዜሮ ቮልት አካባቢ ተኝቶ ይወርዳል፤ የሴንሰሩ የመልስ ፍጥነት አልተፈተነም ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ፍጥነት ሳትለዋውጡ መንዳት ይሻላል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱና ማኒፎልዱ አካባቢ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ አዳምጡ፤ ብረቱ ሲግል ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ድምፁ ይጠፋል። ጥቁር የጥላሸት መስመርም ፈልጉ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ይዛችሁ የፊተኛውን ሴንሰር ቮልት በማሽኑ ላይ ተመልከቱ። ጤነኛው ከ0.1 እስከ 0.9 እየዘለለ በ10 ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል። ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ ወዲያው ካልዘለለና እየተጎተተ ከወጣ፣ ያኔ በእርግጥ ዘገምተኛ ነው፣ ይቀየር። (አንዳንድ ቶዮታ ከፊት የተለየ ዓይነት፣ የአየርና ነዳጅ ምጣኔ ሴንሰር ነው ያለው። እሱ እንዲህ አይዘልም፤ ጥርሱ ገጠመ ተብሎም ተራ ኦክስጅን ሴንሰር አይተካውም።)

የአጎቴ ልጅ መኪና ችግሩ ጋስኬቱ ነበር። ሌላ መካኒክ ጋ ጋስኬቱ ተቀይሮ፣ ከመጀመሪያው ጋራዥ አሮጌ ዕቃ መሀል ተፈልጎ የተገኘው የራሱ ሴንሰር ተመለሰለት፤ መብራቱ እስካሁን አልበራም። ደሴ ውስጥ ሞተር በጆሮው የሚለይ ባለሙያ እኮ ሞልቷል።

ከመክፈላችሁ በፊት የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። አዲሱ ሲገጠም ቆማችሁ እዩ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ማሽኑ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ምርመራ «አልተጠናቀቀም» የሚል ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ ሊሆን ይችላልና ብሩን ያዙት። ደረሰኝም የግድ ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት መስጠት ግዴታቸው ነው። ያ ጋራዥ «የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ነው የሸኘን። ከእሱ የተገጠመላችሁ ሴንሰር ካለ አስፈትታችሁ ጥርሱን እዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ዕቃውንም ሳትጥሉ ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ።