ደብረ ብርሃን ወይስ አንኮበር፦ የትንሽ ከተማ ኮሜዲ ድራማ የት ይቀረጽ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ክፍል ልንቀርጽ ነው ለምትሉ።

ወጪ፦ ደብረ ብርሃን ይረክሳል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማደሪያም እንደ ልብ ነው። ለአንኮበር ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ መንዳት አለ፤ አልጋውም የተቆጠረ ነው።

ድምፅ፦ ደብረ ብርሃን እዚህ ላይ ታስመርራለች። ተዋናይዋ እንባዋ ሊመጣ ሲል ሲኖትራኩ ጡሩምባውን ይለቀዋል። ድጋሚ! እንባው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። አንኮበር ጸጥ ያለ ነው።

አየር፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አንኮበርም ብርዱ አይጣል ነው። ጋቢ ያዙ። የአንኮበር ጣጣው ጉሙ ነው። ጠዋት በፀሐይ የጀመራችሁት ትዕይንት ከሰዓት ጉም ይውጠዋል፤ ከዚያ ምስሉ አልገጥም ይላል። ለሐሜት ትዕይንት ግን ግሩም ነው፤ ማን ከማን ቤት እንደወጣ አይለይም።

ታሪኩ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አከራይና ተከራይ ከሆነ ደብረ ብርሃን። የዕድር ጭቅጭቅና የገበያ ቀን ወሬ ከሆነ አንኮበር። ቀን ካጠራችሁ ግን አንኮበርን አታስቡት።