ሲያትል ላለችው የኢንሹራንስ ረዳት፣ ከጎንደር የተላከ ምስጋና

የምጽፈው ከጎንደር ነው፤ የማመሰግናት ሴት ግን ያለችው ሲያትል ነው። ስሟን አልጠራም። እሷም አትፈልግም፣ እኔም ወንድሜን ማጋለጥ አልፈልግም። አንድ የማህበረሰብ ክሊኒክ ውስጥ ሰዎች የጤና ኢንሹራንስ እንዲያገኙ ትረዳለች። አማርኛ ትናገራለች። ከተረጂው አምስት ሳንቲም አትቀበልም፣ ደሞዟን የሚከፍላት ክሊኒኩ ነው። እህቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።

ወንድሜ ትራንስጀንደር ነው። ሴት ተብሎ ነው ያደገው፣ እዚሁ ከእኔ ጋር። አሁን የሚኖረው ሲያትል ባለችበት ዋሽንግተን ስቴት ነው። ሐኪሞቹ የደረት ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ካሉ ቆይተዋል። በዚህ ጉዳይ ሐሳቡ ከእኔ የሚለይ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ለክርክር ግን አልመጣሁም። ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ውጭ አገር ሰው ኖሮት፣ ለማን እንደሚያዋይ ጨንቆት በየጓዳው ለሚብሰለሰል ቤተሰብ ነው።

እኛ ጋ የማህበረሰብ ጤና መድህን በዓመት አንዴ ለቤተሰብ ይከፈላል፣ መታወቂያው ተይዞ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፣ ከእነሱ አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይደረሳል። የአሜሪካው ሌላ ዓለም ነው። ወንድሜ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ኢንሹራንስ ነበረው፣ ከደሞዙ ይቆረጥበታል፣ ካርዱም በኪሱ ነው። ቀዶ ጥገናውን ሲጠይቅ ግን "ይህ ለውበት የሚሠራ ስለሆነ አንሸፍንም" የሚል ደብዳቤ መጣለት። ሁለተኛ ሥራ ገብቼ ከኪሴ እከፍለዋለሁ ማለት ጀመረ። እኔም ፒያሳ ያለችኝን ትንሽ ሱቅ ብሸጣትስ ብዬ አስቤያለሁ፤ በብር ተሸጣ ዶላር ስትሆን ምን ልትሞላ!

እሷ ጋ የላከው አንድ የአገር ልጅ ነው። ገና ከመጀመሪያው ቀን "አንተ" ብላ ነው ያናገረችው፣ እንግዳ ነገር እንዳየች ሳትሆን እንደ ታናሽ ወንድሟ። ለእሱ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር።

ቅጽ ወደ መሙላት አልሮጠችም። መጀመሪያ የጠየቀችው የፕላኑን መጽሐፍ ነው (ፕላን የሚሉት ኢንሹራንሱ ምን እንደሚሸፍንና እንደማይሸፍን የሚወስነውን ውል ነው)፣ ለሁሉም የሚታደለውን አጭር ማጠቃለያ ሳይሆን ሙሉውን። ቀጥላ "መሥሪያ ቤትህ ሌላ አማራጭ ፕላን አለው ወይ?" አለችው። አለው። ሁለቱንም አስመጣች፣ "የማይሸፈኑ" የሚለውን ክፍል ገልጣ በቢጫ ማርከር እያሰመረች ጎን ለጎን አነበበቻቸው። ፎቶውን ልኮልኛል፤ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በጥቃቅን የአማርኛ ፊደል "ይህ ያግደሃል"፣ "ይህን ጠይቅ"፣ "ይህ ጥሩ" እያለች ጽፋለታለች።

ያገኘችው ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው ፕላን ሕክምናውን የሚከፍለው ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ነው፤ ካርዱ ላይ ስሙ ያለው የኢንሹራንስ ድርጅት ወረቀቱን ብቻ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለው ፕላን የሚተዳደረው በ1974 በወጣ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ አይደርስበትም። ሁለተኛው ግን ከዋሽንግተን ኢንሹራንስ የተገዛ ነው፣ የስቴቱ ሕግ ይገዛዋል። ዋሽንግተን ደግሞ በ2021 ያጸደቀችው፣ ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አላት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዚህ ሕግ መሠረት ኢንሹራንሱ ሐኪም አስፈላጊ ነው ብሎ ያዘዘውን የጾታ ማስተካከያ ሕክምና "ለውበት ነው" ብሎ በጅምላ መከልከል አይችልም፣ የደረት ቀዶ ጥገና ደግሞ በስም ተጠቅሷል። ሊከለክል ከፈለገም መጀመሪያ በዚህ ሕክምና ልምድ ያለው ባለሙያ ጉዳዩን አይቶ ክልከላው ትክክል ነው ማለት አለበት።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ፕላን፣ ሰማይና ምድር የሆነ ልዩነት። ይህን ለወንድሜ የነገረው ሰው አልነበረም።

እሱ የሥራውን ኢንሹራንስ ጥሎ ሰው በግሉ ኢንሹራንስ ከሚገዛበት ከስቴቱ ገበያ ሊገዛ አስቦ ነበር። እሷ ናት ቆይ ያለችው። መሥሪያ ቤት ዋጋው ተመጣጣኝ ነው የሚባል ኢንሹራንስ አቅርቦልህ ሳለ ትተህ ከወጣህ የመንግሥት ድጎማ አታገኝም፣ ሙሉውን ወርሃዊ ክፍያ አንተው ትሸከማለህ አለችው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የምዝገባ ጊዜ እስኪደርስ ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ፕላን ተዛወረ። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ጨመረ፣ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላም አልለቀቀችውም። ቀዶ ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው መሆኑን ለሐኪሙ ቢሮም ለኢንሹራንሱም ደውላ አረጋገጠች፣ አንዳቸውን ብቻ አላመነችም። ኢንሹራንሱ ይህን ቀዶ ጥገና ለመፍቀድ የሚጠይቃቸውን መስፈርቶች በጽሑፍ አስወጥታ ለሐኪሞቹ ላከች፣ የድጋፍ ደብዳቤያቸው እያንዳንዱን መስፈርት ተራ በተራ እንዲመልስ። ስለዚህ ሕክምና የወጣው ዓለም አቀፉ የባለሙያዎች መመሪያ በ2022 ሲታደስ አንድ ደብዳቤ በቂ ነው ይላል፤ አንዳንድ ኢንሹራንስ ግን አሁንም የራሱን ይጠይቃልና አስቀድሞ ማየት ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥርም የሚመዘገበውን በአማርኛ ጽፋ ሰጠችው፦ ቀኑ፣ ያናገረህ ሰው ስም፣ የጥሪው ቁጥር፣ ያለህ ነገር ቃል በቃል። ወረቀቷ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፋ በቪዲዮ አሳይቶኛል።

ያም ሆኖ ኢንሹራንሱ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚሰጠው የቅድሚያ ፈቃድ መጀመሪያ ተከለከለ፤ ደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ጎድሎ ኖሯል። ወንድሜ በቃኝ ሲል እሷ "እምቢታ የመጀመሪያው መልስ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም" ብላ ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለው፣ እሷ ግን ሳታሳድር የጎደለውን አስሞልታ፣ የስቴቱን ሕግ ጠቅሳ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲያየው ጠይቃ አብራው ጻፈች። እምቢ ቢሉ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ውጭ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንደሚያየው አስቀድማ ነግራው ነበር። እዚያ አልደረሰም። ተፈቀደ!

እኔንም አልረሳችኝም። እነሱ ጋ ከሰዓት ሲሆን እኛ ጋ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ በዚያ ሰዓት ወንድሜ አገናኝቶን ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ማገገሚያው፣ ማን አብሮት እንደሚያድር በአማርኛ፣ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። የማታውቀውን ለሐኪሙ እንድንጠይቅ አጻፈችን እንጂ አልገመተችም። ስትጨርስ "አይዞሽ፣ ብቻውን አይደለም" አለችኝ። እውነትም ብቻውን አልነበረም፣ ሆስፒታል የወሰደው ያ የአገር ልጅ ነው።

አሁን ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በነጻ ታከመ ማለት ግን አይደለም፤ እንደ ፕላኑ የእሱን ድርሻ ከፍሏል፣ በየወሩ ከፋፍለውለታል። ሱቄም አለች።

እዚያው ዋሽንግተን ስቴት ሰው ካላችሁ፣ ዋሽንግተን ሄልዝፕላንፋይንደር በሚባለው የስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚረዱ ሰዎችን በሚናገሩት ቋንቋ መፈለግ ይቻላል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው አፕል ሄልዝ የሚባለው የስቴቱ መድህን ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባል፣ ይህን ሕክምናም ይሸፍናል። ሌላ ስቴት ያላችሁ የእኛን ልምድ እንዳለ አትውሰዱት፣ ሕጉ ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል። የፌዴራሉ ደንብም እየተቀየረ ነው፤ ከ2026 ጀምሮ ይህን ሕክምና በግዴታ ከሚሸፈኑት ዋና አገልግሎቶች ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ሳይሆን የዘንድሮውን መጽሐፍ አስነብቡ። ገንዘብ አምጡ የሚል "አስመዝጋቢ" ከመጣባችሁም ጥላችሁት ሂዱ።

እሷን ራሷን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ። የምዝገባው ሰሞን ሰው ስለሚበዛባት ከጥቅምት በፊት ብትጽፉ ይሻላል፣ የሥራ ቦታችሁን የፕላን መጽሐፍም አስቀድማችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።