የሻማ ሰም ሌንስ፦ ዝናቡን ችሎ በፀሐይ የተሸነፈው

ፍኖተ ሰላም ላይ በዲሽ ፋንታ ከሻማ ሰም በሠራሁት ሌንስ ነው የሳተላይት ቴሌቪዥን የማየው። ክረምቱን ፈርቼለት ነበር፤ የጎዳው ግን የሚያዝያ ፀሐይ ነው። ቀትር ሲሆን የሪሲቨሩ ኳሊቲ (የሞገዱ ጥራት) እየወረደ ሄዶ የኢትዮሳት ቻናሎች ይቆራረጡ ጀመር። ኤልኤንቢውን (ሞገዱን የሚቀበለውን ዕቃ) ነካካሁ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሰሙን ስዳስሰው ለስልሶ መሐሉ ወደ ታች ጎብጧል፤ ከሥሩ በደረጃ የተፋቁት እርከኖች ጠርዝም ተድበስብሷል።

ዲሽ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ አንጸባርቆ ይሰበስባል። የኔው ሌንስ ነው፤ ሞገዱ በሰሙ ውስጥ አልፎ ከሥሩ ያለው ኤልኤንቢ ላይ ያርፋል። ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። በ11 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሰም ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ለ1.5 ይካፈላል። ስለዚህ 5.4 ሳንቲ ሜትር ሰም አንድ ሙሉ ሞገድ ያዘገያል፤ በሙሉ ሞገድ የዘገየ ደግሞ ካልዘገየው ጋር እኩል ስለሚገጥም፣ ከዚያ በላይ ያለውን በእርከን እየፋቁ መጣል ይቻላል። ያለ እርከን ቢሆን መሐሉ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወፍሮ ማን ይሸከመው ነበር? "አገሩ የማር አገር፣ ምነው የማር ሰም ብታደርገው?" የሚሉኝ አሉ። ዋጋውን ጠይቀው ይምጡ።

ሳተላይቱ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ከእኛ ዘንድ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ ሌንሱ ተንጋሎ ነው የሚቀመጠው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ ሰማይ፣ እርከኑ ወደ ታች ስለሆነ ውኃ አይቋጥርም፤ ሰም ላይ ጠብታ ተንከባሎ ይወርዳል። ኤልኤንቢው ደግሞ ከሥሩ ተጠልሏል። ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ይጠፋል፣ የጎረቤቴ ዲሽም ያኔ አያሳይም።

ለፀሐዩ የተገኘው መላ አቡጀዲ ነው። ሰሙን አቅልጬ እንደገና ካፈሰስኩት በኋላ ነጭ አቡጀዲ ከላዩ ወጠርኩበት። ደረቅ ጨርቅ ሞገዱን አይከለክልም፤ ኳሊቲው ንቅንቅ አላለም። ጨርቁ ከራሰ ግን ውኃው ሞገዱን ይውጠዋል። ስለዚህ በበጋ ይለብሳል፣ ሰኔ ሲገባ ይገፈፋል። በልግ ላይ ደመና ባየሁ ቁጥር መሰላል መውጣት አለ፤ ይህ ያናድዳል፣ አልዋሽም።

ዲሽ ሻጩ ይህን ቢሰማ "እኔ የምሸጠው ልብስ አይፈልግም" ይለኛል። እውነቱን ነው። የእሱ ዲሽ ሲዛግና ሲጣመም ግን አዲስ ነው የሚሸጥልኝ፤ የኔን አቅልጬ አፈሰዋለሁ። አባይ በረሃ አካባቢ ያላችሁ አትሞክሩት፤ ወዲህ ደጋው ላይ፣ ግማሽ ቀን ጥላ የሚያገኝ ግቢ ያላችሁ ግን ሥሩ። እኔ ዲሽ አልገዛም።