ሁለተኛው የሸራ ማሳጠሪያ፦ ካታማራንን ብቻዬን ለወራት ከተጓዝሁበት በኋላ

ለወራት ብቻዬን ስለተጓዝሁበት 11 ሜትር ተኩል ርዝመት ስላለው ካታማራን (ሁለት ቀፎ፣ ማለትም ሁለት የጀልባ አካል፣ ጎን ለጎን ስላለው የሸራ ጀልባ) ዛሬ ብጠየቅ፣ ሰፊውን ሳሎንም ሆነ መኝታ ክፍሎቹን ከማንሣቴ በፊት የማነሣው የዋናውን ሸራ ሁለተኛ ማሳጠሪያ ነው፤ ማሳጠሪያ ነፋስ ሲበረታ ሸራው በከፊል ወርዶ ስፋቱ የሚቀነስበት ዘዴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳጥረዋል። የመጀመሪያው ማሳጠሪያ ገመድ መሪው አጠገብ እስካለው ዊንች (ገመድ መሳቢያ) ድረስ ይመጣል፤ ሁለተኛው ግን በሸራው የፊት ጠርዝ ያለው ቀለበት ከምሰሶው ሥር ባለ መንጠቆ ውስጥ በእጅ ካልገባ አይሠራም። ስለዚህ ነፋሱ ሲበረታ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ከመሪው ፈጽሞ መራቅ በማይገባው ሰዓት፣ መሪውን ለአውቶፓይለት (ጀልባውን በራሱ ለሚመራው መሣሪያ) ትቼና የደኅንነት መታጠቂያዬን አያይዤ ወደ ምሰሶው እሄዳለሁ። እዚያም በአንድ እጄ ምሰሶውን ይዤ በሌላው የሚርገበገበውን ሸራ ቁልቁል ስስብ፣ ቀለበቱ መንጠቆው አፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ነፋሱ ከእጄ ይነጥቀዋል።

ሻጩ «ካታማራን አይጋደልም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ይመቻል» ብሎኝ ነበር። አለመጋደሉ እውነት ነው፤ ሸራን በጊዜ ማሳጠር ግድ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ሲጋደል ከሸራው ላይ ነፋስ ያፈስሳል፣ ባለቤቱንም ያስጠነቅቃል፤ ካታማራን ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጫናው በምሰሶውና ወጥረው በያዙት ሽቦዎች ላይ ያርፋል። ነፋሱ ከ15 ወደ 30 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሲያድግ ደግሞ ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ይብሳል፤ በ20 ኖት ነፋስ በ8 ኖት ፍጥነት ስሄድ የሚሰማኝ 12 ኖት ብቻ ነውና፣ ሙሉው ኃይል የሚገለጠው ሸራውን ላሳጥር ጀልባውን ወደ ነፋሱ ሳዞር ነው።

ወደብ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በሁለቱ ቀፎዎች ያሉትን ሞተሮች አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ በማስገባት ጀልባውን ባለበት ማዞር ይቻላል።

ሻጩ «ገመዱ በኋላ ይጨመራል» ሊል ይችላል። ለፊትና ለኋላ ጠርዝ ሁለት ገመዶች እስከ መሪው ለመዘርጋት ግን ሁለት የገመድ መቆለፊያ ያስፈልጋል፤ በመሪው አጠገብ ያለው የመቆለፊያ ረድፍ ደግሞ ገና ሲሠራ ሞልቶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ቦታው ተፈትሾ እንደገና መሠራት አለበት። ረዳት ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህን ጀልባ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ብቻውን ለሚጓዝ ግን አልመክርም። እኔም ያ ሥራ እስኪጠናቀቅ ድረስ ትንበያው ከ20 ኖት በላይ በሚያሳይበት ቀን ከወደብ አልወጣም፤ ውቅያኖስ ያቋርጣል ተብሎ ለተሸጠ ጀልባ ይህ ከባድ ጉድለት ነው።