የጠረጴዛ መጋዜ ከ14 ወር በኋላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና በር የምሠራባት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ይህን ባለ 10 ኢንች መጋዝ የገዛሁት ጥር ላይ፣ የሰርግ አልጋ ትእዛዝ በተደራረበበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሑድና ከበዓል በቀር አላረፈም። ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ኤምዲኤፍ፣ ያልሰነጠቅሁበት የለም።

በፊት የነበረኝ ብረት ቤት ያስበየድኩት፣ በቺንጊያ የሚዞር ሰርኩላር ነበር። ጉልበቱ ከአዲሱ ይበልጥ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ዲስኩ መሸፈኛ የለውም፤ ማብሪያውም ተራ የግድግዳ ማብሪያ ነው። አንድ ቀን መብራት በጠፋበት ማብሪያውን ሳልዘጋ ዲስክ ልቀይር ቁልፍ ሳነሳ መብራቱ መጣ። እጄና ጥርሱ መካከል አንድ ስንዝር ቢኖር ነው። የዚያን ቀን ሥራ ዘግቼ ቤቴ ገባሁ፤ ለአዲስ መጋዝ ገንዘብ ማጠራቀም የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

የአዲሱ ማብሪያ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ቢመለስም አረንጓዴው ካልተጫነ ሞተሩ አይነሳም። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ለሚሠራ ሰው፣ ከሞተሩ ጉልበት በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ ዲስክ ስቀይር ሶኬቱን ነቅዬ፣ ጫፉን ዓይኔ ሥር አስቀምጬ ነው።

ከሁሉ የምወድለት ግን ከዲስኩ ጀርባ የቆመችውን ቀጭን ብረት ነው። እኛ ቤት «ምላስ» እንላታለን። ብዙ ባለሙያ ሥራ ታጓትታለች ብሎ መጀመሪያ የሚፈታት እሷን ነው። ሥራዋ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይጨብጠው ለያይታ መያዝ ነው። የባሕር ዛፍን ጠባይ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው መጋዝ ሲገባበት አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይገጥማል። የገጠመ ጊዜ ደግሞ የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ የሚወጡ ናቸውና እንጨቱን አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። በደቂቃ 4,500 ጊዜ የሚዞር 254 ሚሊ ሜትር ዲስክ የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እጅ አይቀድመውም።

በስድስተኛው ወር የመሳቢያ ጎድጎድ ላወጣ ምላሷን ፈታሁና ሳልመልሳት አደረች። በማግስቱ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ስሰነጥቅ ከግማሽ በላይ እንደገፋሁ ሞተሩ አጓራ፤ እንጨቱ ከእጄ አምልጦ ከኋላዬ ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ በሳው። በዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ወደ ግራ ፈንጠር ብዬ መቆሜ አዳነኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ነካዎት?» እያለ ሲሮጥ መጣ፤ መልስ ለመስጠት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ጀምሮ ምላሷ ከተፈታች ከሶኬቱ ጋር በሲባጎ ትታሰራለች። እሷ ቦታዋ ሳትመለስ የሚሰካ የለም።

ዲስክ ስትገዙም ከምላሷ ጋር አስተያዩ። የእኔ ምላስ ውፍረቷ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ አብሯት የመጣው ዲስክ የሚቆርጠው 2.8 ነው። አንድ ጊዜ በርካሽ የገዛሁት ዲስክ የሚቆርጠው 2.2 ብቻ ሆኖ እንጨቱ ምላሷ ላይ እየተቀረቀረ አስቸገረኝ። እንዲህ ሲሆን ሰው በኃይል መግፋት ይጀምራል፤ አደጋውም ያኔ ይመጣል። ለመሰንጠቅ ባለ 24 ጥርሱን፣ ለአግድም ቁርጥ ባለ 60ውን እጠቀማለሁ።

እንጨቱ ጎኑን ተደግፎ የሚገፋበት መሪው ብረት በየሳምንቱ ትንሽ ይዛባል። ለዚህ መጋዝ ትልቁ ጉድለቱ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት አንዱን ጥርስ ምልክት አድርጌ፣ ከመሪው ያለውን ርቀት ከፊት እለካለሁ፤ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙሬ እደግመዋለሁ። ከኋላ ከጠበበ እንጨቱ በመሪውና በዲስኩ መካከል ይቀረቀራልና ሳላስተካክል አልጀምርም። አግድም ስቆርጥ ደግሞ መሪውን ማቆሚያ አላደርገውም፤ ተቆራጩ መሐል ተይዞ ይፈናጠራል። የሰጋቱራ መውጫውም ጠባብ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥብ እንጨት ሲገባ ይደፈናል። የሞተሩን ካርቦን በዘጠነኛው ወር ቀይሬያለሁ።

የዲስኩን ከፍታ ጥርሱ ከእንጨቱ በላይ ጥቂት ብቻ እስኪታይ አድርጌ እሠራለሁ። ጠባብ ነገር በመግፊያ እንጨት እንጂ በጣት አይገፋም። ጓንት አላደርግም፣ ጥርሱ ከያዘው እጅን ይዞ ይሄዳልና። የማርቆስ የጠዋት ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፤ መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ግን ጋቢው ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ልጁን በዚህ ብቻ ነው የምቆጣው።

እንዲህ ያለ መጋዝ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን አስከፍታችሁ ምላሷና መሸፈኛው መኖራቸውን እዩ። ከዚያ መጋዙን አስነሱና ሶኬቱን ንቀሉ፤ ዲስኩ ሲቆም ማብሪያውን ሳትነኩ መልሳችሁ ስኩ። ራሱ ከተነሳ አትግዙት።