«ስድስት ወር ሲሞላት ያምጧት» ብለው ያላሰናበቱኝ ክሊኒክ

ሴት ቡችላ ይዛችሁ «መቼ ላስመክናት?» እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ነው የምጽፈው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ የማመሰግናቸውን ያህል የምወቅሳቸውም ነገር አለኝና። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንዷ ለምን እንደቀረች ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ የደወልኩት ሌላ ቦታ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ገና «ሴት ቡችላ አለችኝ» ከማለቴ «ስድስት ወር ሲሞላት ያምጧት» ብላ ቀጠሮ ልትጽፍልኝ ተነሳች። «ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነች አትጠይቂኝም?» ብላት «ለሁሉም አንድ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። እኔ የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ ሳይለካ ጨርቅ ከሚቆርጥ ሰው ጋር ብዙ አልቆይም። አመስግኜ ዘጋሁት።

ሁለተኛዎቹ «መጀመሪያ ይዘዋት ይምጡና እንያት» አሉኝ። ቡችላዬ ሎሚ ያን ጊዜ አምስት ወር አልፏታል። ዶክተሯ ሚዛን ላይ አወጧት፤ 15 ኪሎ። ቀጥለው «እናቷን አይተዋታል?» አሉኝ። አይቻታለሁ፤ ግዙፍ ጀርመን ሸፐርድ ናት። አባቷን ግን እግዜር ይወቀው። «እንግዲህ ይቺ አድጋ ስትጨርስ ከ25 ኪሎ አታንስም» ብለው መዝገባቸው ላይ አሰፈሩ። ደም አይታ ታውቅ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ይኑር አይኑር፣ ክትባቷን ጨርሳ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ጭራዋን ቀና አድርገው ብልቷን አዩና እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። ገና የልጅ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ በቆዳ እጥፋት ተሸፍኗል። አሁን ብትመክን እንዲሁ ሊቀር፣ በእጥፋቱ ውስጥ ሽንት እየቀረ ቆዳዋ ሊቆጣ ይችላል፤ የመጀመሪያው ድራት ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ያብጥና ቦታውን ይይዛል አሉኝ። ድራት የሚሉት ደም አይታ ወንድ የምትፈልግበትን ወቅት ነው። ይህን ያህል ውሻ ሳሳድግ ኖሬ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

እኔ ይዤው የሄድኩት ፍርሃት የጡት ካንሰር ነበር። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ «ከመጀመሪያው ድራት በፊት ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይላል። ዶክተሯ ነገሩን አላጣጣሉትም፤ ከየት እንደመጣ ነገሩኝ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነው። ካልመከነች ውሻ ጋር ሲነጻጸር፣ ከመጀመሪያው ድራት በፊት የመከነች ውሻ ስጋቷ ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል፤ ከአንድ ድራት በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለት በኋላ 26 በመቶ ይሆናል ይላል። ልብ በሉ፣ «8 በመቶ» ሲባል ከመቶ ውሾች ስምንቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ያልመከነችው ካለባት ስጋት ላይ 8 በመቶው ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ድራት ማሳለፍ አብዛኛውን ጥቅም አያሳጣም፤ ሁለተኛውን ማሳለፍ ነው ብዙ የሚያስቀር። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናቶቹን አንድ በአንድ የገመገሙ ተመራማሪዎች ማስረጃው ራሱ ደካማ ነው ብለዋል። ይህንንም አልደበቁኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ አጥንቱ አለ። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከሥራዎቹ አንዱ የረጃጅም አጥንቶች ማደጊያ በጊዜው እንዲዘጋ ማድረግ ነው። እንቁላል የሚያመርቱት ዕጢዎች ቀድመው ከወጡ አጥንቱ ማቆም ካለበት ጊዜ አልፎ ያድጋል፤ መገጣጠሚያውም ላይ ጫና ይመጣል። ትንሽ ውሻ ላይ ይህ ጎልቶ አይታይም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ 35 ዝርያዎች ባወጡት ጥናት ትንንሾቹ ላይ የመገጣጠሚያ ችግር ሲጨምር አላዩም፤ ከትልልቆቹ ግን፣ ሁሉም ላይ እንኳ ባይሆን፣ ብዙዎቹ ላይ አይተዋል። ጀርመን ሸፐርድ ከእነዚህ አንዷ ናት። በዚያው ዓመት ስለ ድብልቅ ውሾች ባወጡት ደግሞ አድገው 20 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ሲመክኑ ስጋቱ ከፍ ይላል። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም መስመሩን እዚያው 20 ኪሎ አካባቢ ያሰምራል። ከዚያ በታች ለሚሆኑ ሴቶች ከመጀመሪያው ድራት በፊት፣ በ5 እና በ6 ወር ገደማ። ከዚያ በላይ ለሚሆኑት ከ5 እስከ 15 ወር፣ እንደ ውሻዋና እንደ ቤቱ ሁኔታ።

«ትንሽ ውሻ ብትሆን ኖሮ ለሚቀጥለው ሳምንት እቀጥርዎት ነበር» አሉኝ። ለሎሚ ግን የመጀመሪያው ድራት ይምጣ፣ ካለቀ ሦስት ወር ገደማ ይለፈውና እንሥራት አሉ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከስድስትና ሰባት ወር በኋላ ስለሚመጣ መሐሉ ላይ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ በድራቱ ሰሞን ግን ደም ሥሮቹ ስለሚያብጡ ቀዶ ጥገናው ደም ይበዛበታል።

«ጨርሶ ባትመክንስ?» ብዬም ጠይቄያለሁ። መግል የሚሞላው የማህፀን በሽታ አለ፤ ፓዮሜትራ ይሉታል። ስዊድን ውስጥ የኢንሹራንስ መዝገብ ሲታይ ካልመከኑት ውሾች ሩብ ያህሉ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ይዟቸዋል። የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከድራት በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው፤ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ትደክማለች፣ ምግብ ትተዋለች። የማህፀኑ አፍ ከተዘጋ ፈሳሽ እንኳ ላይታይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ቀዶ ጥገና የታመመ እንስሳ ላይ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ክርክሩ መቼ በሚለው ላይ እንጂ ይሁን አይሁን በሚለው ላይ አልነበረም።

መጠበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድራቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ሴት ውሻ ይዞ ሦስት ሳምንት በር መጠበቅ ማለት እንቅልፍ አልባ ዘበኛ መሆን ነው። ክሊኒኩ የሰጠኝ ምክር ግን ወርቅ ነው። ብዙ ሰው ደሙ ሲቀንስ አለቀ ብሎ ይለቃታል። ደሙ ፈዘዝ ብሎ ገለባ ወደ መሰለ ቀለም ሲለወጥ ነው ወንድ የምትቀበለው፤ ደግሞ የወንዱ ዘር ውስጧ ቀናት ይቆያል። ስለዚህ ግቢ ውስጥም ቢሆን በማሰሪያ፣ ዓይኔ ሥር። አጥር የሚዘል ጎረምሳ ውሻ ያለበት ሰፈር የሚኖር፣ ሥራ ውሎ የሚመጣ፣ ቤቱ ውስጥ ወንድሟ ያለ ሰው ይህን ማድረግ ካልቻለ ቀደም አድርጎ ማስመከኑ ይሻለዋል። ዶክተሯም ያሉት ይህንኑ ነው። 63 ቀን ቆጥሮ ስምንት ቡችላ ለማን ይሰጣል?

አሁን ወደ ተናደድኩበት ቀን ልምጣ። ቀጠሮው ደርሶ፣ ሱቅ ዘግቼ፣ ከሌሊት ጀምሮ ምግብ ከልክያት ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ በጎኗ አጋደሟትና ጡቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከኋለኞቹ አንዷን ጫን ሲሉ ነጭ ጠብታ ብቅ አለች። ወተት! «ወንድ አጠገቧ አልደረሰም» ብዬ ልምል ነው። «አውቃለሁ፤ የሐሰት እርግዝና ነው» አሉኝ። ውሻ ብታረግዝም ባታረግዝም ከድራት በኋላ ሰውነቷ ሁለት ወር ያህል እንዳረገዘች ሆኖ ይሠራል። ከዚያ ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን ሲወርድ ወተት የሚያመጣው ፕሮላክቲን ይወጣል፣ አንዳንዷ ወተት ትይዛለች፣ ጎጆ ትሠራለች። ለካ ሰሞኑን ከማሽኔ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰረቀች አልጋዋ ላይ ስትከምር የነበረው ለዚህ ኖሯል። በዚህ ሁኔታ ላይ ዕጢዎቹ ቢወጡ ወተቱና ጠባዩ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል ብለው መለሱን። «ጡቷን አይነካኩት፣ የምታቅፈውን ይውሰዱባት፣ ካልተወች ይዘዋት ይምጡ።» ለወተት ማድረቂያ የሚሆን መድኃኒት እንዳለም ነገሩኝ፤ አላስፈለገንም፣ በራሱ ደረቀ።

የሥራ ቀኔ መበላቱ አንገብግቦኛል። ግን አስቡት፤ ክፍያው ደጃቸው ድረስ መጥቶላቸው፣ ውሻዋ ጾማ ቀርባ፣ «ዛሬ አይሆንም» የሚል ክሊኒክ ስንት አለ? አራቱን ኮከብ የሰጠሁት በዚህ ነው።

የቀዶ ጥገናው ቀን እንደታሰበው አለፈ። ደም ወስደው መረመሩ፤ እግሯ ላይ ፀጉሯን ላጭተው ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ አስገቡ። ማደንዘዣውን የሚከታተለው ሰው ቀዶ ጥገናውን ከሚሠሩት ዶክተር ሌላ መሆኑን ጠየቅኩ፤ ሌላ ነው። እናንተም ጠይቁ፤ አንድ ሰው ሁለቱን ሊሠራ አይገባም። ማህፀኑንም ዕጢዎቹንም አውጥተዋል። አንዳንድ ሐኪም ዕጢዎቹን ብቻ እንደሚያወጣና ለጤነኛ ወጣት ውሻ ሁለቱም መንገድ ተቀባይነት እንዳለው አስረድተውኛል።

ስፌቱን እኔ ልፍረድ። ቤት ወስጄ ጀርባዋ ላይ ስትተኛ መብራት አስጠግቼ አየሁት። ርዝመቱ ከጣቴ አይበልጥም፤ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ልክ መሐል ላይ። ከላይ አንድም ክር አይታይም፤ ከቆዳው ሥር እየተመላለሰ የሄደ፣ ሁለቱ ጠርዞች ሳይደራረቡና ሳይሸበሸቡ አፍ ለአፍ የገጠሙ፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ የተቀበረ ነው። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ስለሆነ ለማስወጣት መመለስ የለም። ሰው ዚፕ እንኳ እንዲህ አድርጎ አይተክልም። ዶክተሯ ከሥራቸው ቢሰናበቱ እኔ ጋ ቦታ አላቸው።

አሁን ወቀሳው። አንደኛ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትነቃ ነው ያስረከቡኝ፤ እየተንገዳገደች፣ ዓይኗ ፈዝዞ፣ እየተንቀጠቀጠች። መዝጊያ ሰዓታቸው ስለደረሰ መሆኑን አይቼዋለሁ። ከማደንዘዣ የምትነቃ ውሻ ሙቀቷ ስለሚወርድ ሌላ አንድ ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ እነሱ ዘንድ መቆየት ነበረባት። ሁለተኛ፣ ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ያሰሩላት የላስቲክ ከለላ አጭር ነበር። የሸፐርድ አፍንጫ ረጅም ነው፤ ቤት እንደደረስን ምላሷ ስፌቱ ላይ ደረሰ። ሌላ ቀይሩልኝ ብል ትልቁ አልቋል ተባልኩ። በገዛ እጄ ከአሮጌ ካኔቴራ አራት እግር ያለው ልብስ ሰፋሁላት፤ እሱ ይዞ ቆየ። ሦስተኛ፣ የደም ምርመራው ለብቻው እንደሚከፈል ቀድሞ የነገረኝ የለም። አራተኛ፣ ማታ ላይ የሚደወልበት ስልክ አልሰጡኝም። የሰጡኝ ወረቀት «ከ10 እስከ 14 ቀን ዝላይና ሩጫ ክልክል» ይላል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ምን ካየሁ ልደንግጥ? ስፌቱ ሲከፈት፣ መግል ወይም የማያቋርጥ ደም ሲወጣ፣ ድዷ ሲነጣ የሚለውን እኔ ነኝ ጠይቄ በእጄ የጻፍኩት። ረዳቱ ልጅ ግን ሳልጠይቀው አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ፤ «እትዬ፣ የሰጠናትን የሕመም ማስታገሻ ብቻ። የሰው አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት።» ይባረክ።

ስለ በኋላው ሁለት ነገር ነግረውኛል። የመከነች ውሻ የምትፈልገው ምግብ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ሳህኗን ሩብ ያህል ቀነስኩባት፤ ዓይኗን ለማየት አልችልም፣ ግን ወገቧ አለ። ሌላው፣ የመከኑ ትልልቅ ውሾች አንዳንዶቹ ዓመታት ቆይተው ሲተኙ ሽንት ያመልጣቸዋል። መድኃኒት አለው፤ ካያችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት።

በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና የምትፈልጉ እነሱ ዘንድ የለም፤ ሌላ ቦታ ጠይቁ። ሌሎቻችሁ ስትደውሉ የውሻችሁን ክብደትና ድራት ከጀመረች የጀመረበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ከለላውን ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።